አልነቀንቅም ያለው ዳምጠው

መንገድ ጠቅጣቂው ዳምጠው ዛሬ አልነቀንቅም ብሎ ቆመ። ሹፌር ስለሌለው የሚወቀስ ሰው አልነበረም። ፎርማን ወንድይፍራው ግን የሚወቅሰው አጥቶ አያውቅምና የብረት ከበሮውን በጫማው ጠለዘው። የታመመው የራሱ ጣት ነው።

«ደግሞ ምን ሆንኩ አለ?»

የማሽኖቹ ተቆጣጣሪ ትርንጎ የማሽኖቹን መልእክት የሚያሳያትን የእጅ መስታወቷን አየች። «መራጩ ነው እንቢ ያለው፣ ጋሼ። ባለጎማውን ሮለር አምጡ ይላል።»

መራጭ የሚሉት በየዳምጠው ሆድ የተቀመጠውን አእምሮ ነው። አፈሩን ይቀምሳል፣ እርጥበቱን ይለካል፣ መንገደኛ ቢያናግረውም ይመልሳል፤ ከዚያ ለየትኛው መሬት የትኛው ሮለር እንደሚበጅ ይወስናል።

«ስሚ» አለ ወንድይፍራው። «ከታች ጥቁር ዋልካ አፈር ነው፤ እሱን ባለኮቴው ሮለር ረግጦ ጨርሶታል። ላዩ ጠጠራማው ገረጋንቲ ነው። ገረጋንቲ ካልነቀነቁት አይተኛም። ይህን የማያውቅ ዳምጠው ከየት አመጡልኝ?»

«እሱም ያውቃል። ባለጎማውም ይጠቀጥቀዋል፣ ግን ደጋግሞ መመላለስ አለበት ነው የሚለው።»

«ደመናውስ ይጠብቀኛል?»

ደመናው የሚጠብቅ አይመስልም ነበር። ከላያቸው የሚያልፈው የአየር ባቡር እንኳ በቀን መብራቱን አብርቷል። ገረጋንቲው ሳይጠቀጠቅ ዝናብ ከገባበት ውሃው ወደ ዋልካው ይወርዳል፤ ዋልካ ደግሞ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ መንገዱን ይገለብጠዋል። ወንድይፍራው አምና አንድ መንገድ እንዲሁ ተበልቶበታል። ሁለተኛ ከተደገመ ቀሪ ዘመኑን መጋዘን ውስጥ ብሎን ሲያስረክብ እንደሚኖር አለቆቹ በትህትና ነግረውታል።

ትርንጎ መራጩን አጥፍታ አስነሳችው። ዳምጠው እየነዘረ ጥቂት ሄደና ከመንገዱ ዳር ካሉት ጭቃ ቤቶች አጠገብ ሲደርስ ዝም አለ። ደግማ አስነሳችው፤ እዚያው ቦታ ላይ ዝም አለ። ወንድይፍራው ላይ በቅሎ እንኳ እንዲህ ቀልዳበት አታውቅም።

«በእጅ የሚነዳበትን ቁልፍ ስጪኝ። ራሴ አስነቀንቀዋለሁ።»

«ይኸው» አለች ቁልፉን እያቀበለችው። «ግን መጀመሪያ ምክንያቱን ይስሙ።»

መስታወቱን ነካ አደረገችው። ከዳምጠው ሆድ ትናንት አመሻሽ ላይ የተቀዳ የሰው ድምፅ ወጣ። «ልጄ፣ ሽማግሌ ሆነን መጥተናል። አንተ ስትነቀንቅ የአስካለ ግድግዳ ተሰነጠቀ። እሷ ደግሞ አራስ ናት፣ ወዴት እናሽሻት? እባክህ ቀስ ብለህ እለፍልን።» ቀጥሎ የዳምጠው ድምፅ ተሰማ፦ «ሰምቻለሁ፣ አባቶቼ። ሌላ ዘዴ እሞክራለሁ።»

ወንድይፍራው የተናጋሪውን ድምፅ ያውቀዋል። የሰፈሩ የእድር ዳኛ ጋሽ አድማሱ ናቸው። እሳቸውም ከአጥሩ ማዶ ቆመው ያዩት ነበር።

«ለማሽን ሽማግሌ ትልካላችሁ?» አላቸው።

«ላክን።»

«የሥራው አለቃ እኔ አይደለሁም? ለምን ወደ እኔ አልመጣችሁም?»

ጋሽ አድማሱ ወደ አጥሩ ቀረብ አሉ። «እንዳይከፋህ፣ ልጄ። መክረንበት ነበር። ሽማግሌ የሚላከው እሺ ሊል ይችላል ተብሎ ወደሚታሰብ ነው።»

ትርንጎ የምታየው ነገር ያገኘች ይመስል መስታወቷ ላይ አቀረቀረች። የመጀመሪያው ጠብታ የወንድይፍራው ቆብ ላይ አረፈ። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲያዝ ኖሯል። ብረቱ እንደ ሰው ሲለመን፣ እሱ በሰፈሩ ምክር እንደ ብረት መቆጠሩን እስከዛሬ የነገረው አልነበረም።

ቁልፉን ለትርንጎ መለሰላት። «ባለጎማውን ጥሪው» አለ። «ከዝናቡ በፊት ባይደርስም።»

«የእድራችን ድንኳኖች አሉ» አሉ ጋሽ አድማሱ። «ብንቀጣጥላቸው ገረጋንቲህን ያለብሱታል። ዝናቡ ይዘንብና ያልፋል፤ አንተም ነገ ቀስ ብለህ ትጠቀጥቃለህ።» መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ቤቶቹ ዞረው ጎረምሶቹን በየስማቸው ይጣሩ ጀመር።

ወንድይፍራው አጥሩን ተሻግሮ ከጎናቸው ቆመ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ምን እንደሚል ለማስታወስ ሞከረ።

«ግድግዳውን ያሳዩኝ» አለ።