ሦስቱ የቦይ ክዳኖች

«ተራ ቁጥር አራት» አሉ ወይዘሮ ሰርካለም መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ እያደረጉ። «ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የፍሳሽ ቦይ ሙሉ በሙሉ ተከድኗል።»

ኢልሃም ወንበሯ ላይ ሽምቅቅ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወይዘሮ ሰርካለም ሰፈሩ መርጦ ምክር ቤት የላካቸው ተወካይ ናቸው። በየስድስት ወሩ እየመጡ ስለ ጤናና ስለ ሰፈሩ ደኅንነት ምን እንደተሠራ ይናገራሉ። ስለ ክትባቱና ስለ ውኃው ሲያወሩ ሰው ሲያጨበጭብ ቆየ። ቦዩ ላይ ሲደርሱ ግን ሰው እርስ በርሱ ይተያይ ጀመር።

ልብስ ሰፊው አቶ ባዬ እጃቸውን አወጡ። ስብሰባ ላይ ሳይናገሩ ከዋሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው።

«ጥያቄ ነው ወይስ አስተያየት?» አለ ስብሰባውን የሚመራው መለሰ።

«ሁለቱም! ምነው ታዲያ ሦስት ክዳን የሚያህለው ክፍቱን ተቀመጠ? ይህችን ልጅ እዩዋት እስቲ!»

ወደ ሕሊና ነበር የጠቆሙት። ሕሊና የኢልሃም የክፍል ጓደኛ ናት። ባለፈው ማክሰኞ ቦዩ ውስጥ ገብታ እግሯን ወለም ብሏት፣ አሁን በፋሻ የተጠቀለለውን እግሯን ዘርግታ ፊት ወንበር ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጣለች።

የወይዘሮ ሰርካለም ፊት ቀላ። «ሲከደን እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። ሲሚንቶውን ያስፈቀድኩት እኮ ዓመት ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቼ ነው።»

«ታዲያ ክዳኑ እግር አውጥቶ ሄደ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰው ሳቀ። ኢልሃም ግን አልሳቀችም፤ ሴትዮዋ ወረቀታቸውን ደጋግመው ሲያገላብጡ አይታለች። ክዳኖቹ የት እንዳሉም ታውቃለች። በራሷ ቤት ግቢ፣ ከዶሮው ቤት ጀርባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሟ አኒስ ከሦስት ሳምንት በፊት አገባ። እንደ ወጉ ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻ፣ ለክርስቲያኑ እንግዳ ለብቻ ታርዶ ለየብቻ ተሠራ። የክርስቲያኑን ወጥ የሠሩት የሕሊና እናት እትዬ አበቡ ናቸው። ሁለተኛው ትልቅ ድስት ሲመጣ የጉልቻ ድንጋይ አነሰ። «ለአንድ ቀን ነው፤ ነገ ይመለሳል» አሉና አባቷ ሦስት የቦይ ክዳን አስነሡ። ሸጋ ጉልቻ ወጣቸው! ግን አንዱ ከእሳቱ ብዛት ተሰነጠቀ፣ ሁለቱ ጥቁር በጥቁር ሆኑ። አባቷ እንዲህ ሆነው መመለሱ አሳፈራቸው። አዲስ አሠርተው ሊያመጡ ዛሬ ነገ ሲሉ ሕሊና ገባችበት።

ኢልሃም ሳምንቱን ሙሉ የሕሊናን ቦርሳ የተሸከመችው በደግነት ብቻ አልነበረም።

አጠገቧ ወደተቀመጡት አባቷ ጠጋ አለች። «አባዬ፣ ይንገሯቸው።»

«ሰው ሁሉ ፊት?» አሉ አቶ ዐብዱልከሪም በሹክሹክታ። «ሲያልቅ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ።»

«ሲያልቅማ ሰው ውሸታም ብሏቸው ቤቱ ይገባል።»

አባቷ ኮፍያቸውን አስተካከሉ። አልተነሡም። እትዬ አበቡም የነጠላቸውን ጫፍ እየቆነጠሩ መሬት መሬቱን ያያሉ። ኢልሃም ተናደደች፤ አባቷም አሳዘኗት። ክፋት እንደሌለባቸው ታውቃለች። በሰው ፊት ማዋረዱ ደግሞ አይሆንላትም። ግን ሴትዮዋስ? ነገ የመንገድ መብራት እናስገባለን ቢሉ ማን ያምናቸዋል?

«ሌላ ከሌለ ወደ ተራ ቁጥር አምስት…» አለ መለሰ።

ኢልሃም እጇን አወጣች።

«ጥያቄ ነው ወይስ አስተያየት?»

«ሁለቱም አይደለም።» ተነሥታ ቆመች። «ወይዘሮ ሰርካለም አልዋሹም። ክዳኖቹ እኛ ግቢ ናቸው። ለሰርጉ ጉልቻ አድርገናቸው ነው።»

ሕሊና ዞራ አፈጠጠችባት። «ቦርሳዬን የተሸከምሽው ለዚህ ነዋ!»

አቶ ዐብዱልከሪም ቀስ ብለው ተነሡ። «ልጄ እውነቷን ነው። ያስነሣኋቸው እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።»

«ድስቱን የጣድኩትም እኔ» አሉ እትዬ አበቡ። «አያ ባዬስ ከዚያው ድስት ሁለቴ አላስጨመሩም?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ባዬ ሊናገሩ እጃቸውን አወጡና መልሰው አወረዱት። ወይዘሮ ሰርካለም ሰው ስቆ እስኪወጣለት ጠበቁና እስክሪብቶ አንሥተው ወረቀታቸው ላይ፣ ተራ ቁጥር አራት አጠገብ «ከሦስቱ በቀር» ብለው ጨመሩ።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ የጠቆሩ ክዳኖች ቦታቸው ገብተዋል፤ በሦስተኛው ቦታ አዲሱ ክዳን እስኪደርቅ ወፍራም ጣውላ ተደርጓል። ሕሊና እያነከሰች ከበሯ ስትወጣ ኢልሃም ቆማ እየጠበቀቻት ነበር።

«አሁንማ ተናግረሻል» አለች ሕሊና። «ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ምንም» አለች ኢልሃም፤ ቦርሳውን ተቀብላት በትከሻዋ አንጠለጠለችው።