ሰው የሚለይ ግድግዳ

ጠዋት ጠዋት የሕንፃ ትምህርት ቤቱ ደረጃ እስኪነቃ ድረስ ተማሪዎች ታች ቆመው ያዛጋሉ። ደረጃው የወጪውን ጉልበት ለክቶ ራሱን ዝቅ ከፍ የሚያደርግ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ይለግማል። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም፤ የሚገረምም የለም። በዚያ ግቢ ግድግዳ ቢያኮርፍ፣ መስኮት ቢያፍር ከዝናብ የበለጠ ወሬ አይሆንም።

ሐመልማል በዚያ ማክሰኞ ለማዛጋትም ጊዜ አልነበራትም። ረፋዱ ላይ ጁሪ አለባት። ጁሪ የሚባለው መምህራን ተሰብስበው የተማሪን የመመረቂያ ሥራ ሥጋና አጥንቱን የሚለያዩበት ቀን ነው። የወደቀ ይሰናበታል፤ ሁለተኛ ዕድል የሚባል ነገር በደንቡ ውስጥ የለም። የአምስት ዓመት ልፋቷ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊለይለት ነው።

ሥራዋ አንድ ባዶ ክፍል ነበር። ውስጡ በሙሉ በንቁ ልስን ተለብጧል፤ ንቁ ልስን ማለት ኮድ ሲያዘው እንደ ሊጥ የሚሳብና የሚሰበሰብ ልስን ነው። ሐሳቧ ሰው ሲገባ ክፍሉ ራሱ «ኖር!» እንደሚል ጨዋ እንዲነሳ ነው። ጣራው ከፍ ይላል፣ ግድግዳው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከወለሉ መቀመጫ ይወጣል። ያገኘው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ቀስ ብሎ ወደ በሩ እየገፋ ያስወጣዋል።

መጀመሪያ ላይ ግን ክፍሉ ሰውና ዕቃ መለየት አቃተው። ለተሰቀለ ካፖርት ይነሳል፤ ለወንበር ጣራውን ከፍ ያደርጋል። ሐመልማል ሁለት ወር ሙሉ ከኮዱ ጋር ስትናቆር ከርማ አንድ ቀን መላው መጣላት። ሰው ማለት ሌላ ሰው የሚነሳለት ነው ብላ ጻፈችለት። ከዚያ ከኮሪደሩ ካሜራዎች ጋር አገናኝታ ዓመት አስተማረችው። ማን ለማን ብድግ እንደሚል፣ ማን ለማን አንገቱን እንደሚሰብር እያየ ተማረ። ለካፖርት የሚነሳ የለምና ስህተቱ ጠፋ፤ ሐመልማልም ጮቤ ረገጠች።

በዚያ ኮሪደር ዓመት ሙሉ መወልወያና ባልዲ ይዛ የምትመላለስ ሴት ነበረች፤ ወይዘሮ አስካለ ትባላለች። በዚያ ዘመንም ቢሆን ሰው ከሮቦት ይረክስ ስለነበር ጽዳቱን የሚሠራው ሰው ነው። ወይዘሮ አስካለ የሐመልማል እናት ናት። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ልጅቷ ትምህርት ቤቱ የገባች ዕለት፣ እዚያ ስንገናኝ ባንተዋወቅስ ብላ ጠየቀቻት፤ እናትም ለእኔም ይቀለኛል ብላ መለሰችላት። ሆድ ይፍጀው እንጂ ምን ቀለላት! ከዚያ ወዲህ እናት በኮሪደሩ ስትመጣ ልጅ ስልኳን ታያለች። ማታ ቤት ሲገናኙ ስለ ወጡ ጨው ያወራሉ።

ጁሪው ደረሰ። መምህራኑ፣ ተጋባዦቹና ተማሪዎቹ በሙሉ ከክፍሉ ፊት ለፊት ወንበር ይዘዋል፤ ሐመልማል ደግሞ ከመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ኋላ ተቀምጣለች። ሰብሳቢው ፕሮፌሰር ይልቃል ቀድመው ሲገቡ ጣራው እስከ መጨረሻው ተለጠጠ፤ ሰፊ መቀመጫም ወጣላቸው። ሽማግሌው ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ለተጋባዦቹም፣ ለተማሪዎቹም ገብተው ሲወጡ ተራ በተራ ተነሳላቸው። ሐመልማል በልቧ መመረቂያ ቀሚሷን መምረጥ ጀምራ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ግን ተማሪን ሳያላቡ መልቀቅ አይሆንላቸውም። እኛንማ ያውቀናል፣ አንድ የውጪ ሰው ይሞከርበት አሉና ዓይናቸውን ወደ ኮሪደሩ ላኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እስኪ ባልዲሽን እዚያ ተይና ግቢ።»

እናቷ እጇን በሽርጧ አደራርቃ፣ ማንንም ላለማየት እየተጠነቀቀች ገባች። ጣራው አልተነሳም። መቀመጫም አልወጣም። ክፍሉ ጥቂት አመነታና ግድግዳውን ከጀርባዋ ያንቀሳቅስ ጀመር። ወይዘሮ አስካለ ለመደገፍ እጇን ስትዘረጋ ልስኑ አራት ጣቶቿን ከበሩ መቃን ጋር አጣበቀባት።

ሐመልማል የማቆሚያውን ቁልፍ ተጫነች። ግድግዳው ባለበት ቀጥ አለ፤ ጣቷን ካነሳች ግን ይቀጥላል። ምክንያቱ ወዲያው ገብቷታል። ዓመት ሙሉ ለዚህች ሴት የተነሳ አንድ ሰው አልነበረም፤ ራሷም ጭምር። መድኃኒቱም ገብቷታል። አሁን እዚህ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ብድግ ብላ «ኖር እማ» ብትል ክፍሉ በካሜራዎቹ ያያል፣ እጇንም ይለቃል። ግን አልተነሳችም። አፍራ ነበር፤ በማፈሯም አፍራ ነበር።

እናቷ የተያዘውን እጇን በሰውነቷ ጋረደችው። «ምንም አልሆንኩም። ሥራችሁን አበላሸሁባችሁ፣ ይቅርታ» አለች። አንድም ሰው እጇን አላየም፤ ከሐመልማል በቀር።

ፕሮፌሰሩ ለምን እንዳልተነሳላት ጠየቁ። ሐመልማል ክፍሉ ከምን እንደተማረ ነገረቻቸው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ስህተት ነው ወይስ ሆን ብለሽ ነው? ስህተት ከሆነ ሰው ሊጎዳ የሚችል ሥራ ነውና ወድቀሻል። ሆን ብለሽ ከሆነ ግን፣ እንዲህ አድርጎ ፊታችንን ያሳየን ተማሪ በሠላሳ ዓመት አላየሁም።»

ሐመልማል እናቷን አየቻት። ግንባሯ ላይ ላብ ቸፍ ብሏል። ራሷን በጥቂቱ ነቀነቀችላት፤ በይ፣ በይ የምትል ትመስላለች።

«ሆን ብዬ ነው» አለች ሐመልማል። «ማንም እንደማይነሳላት አውቅ ነበር።»

የጭብጨባው ብዛት! አንዷ ተጋባዥ እንባዋን ጠረገች። በተቀመጡበት ሆነው ስለ ሰው ልጅ ክብር ብዙ ተናገሩ። ፕሮፌሰር ይልቃልም ከሁሉ በላይ የተነካ ልብ እንዳላቸው ማሳየት አማራቸውና ወደ ወይዘሮ አስካለ ዞሩ። ከዛሬ ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ሊክስሽ ይገባል፣ ልጅ ካለሽ በነፃ እናስተምርልሻለን አሏት።

«ልጅ አለሽ?»

ወይዘሮ አስካለ በአምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ግቢ ውስጥ የልጇን ፊት ትክ ብላ አየችው።

«አንዲት ሴት ልጅ ነበረችኝ፣ ጌታዬ። ሞታብኛለች።»

በዚያ አገር ሰው የቱንም ያህል ቢሠለጥን ልጅ ለሞተባት እናት ተቀምጦ አይመልስም። ፕሮፌሰሩ ብድግ አሉ። ተጋባዦቹ ተነሱ፣ ተማሪዎቹ ተነሱ። «ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሏት፤ አንቺታው እንኳ ቀረ።

ክፍሉ ይህን ሁሉ አየ። ሴትዮዋ ሰው መሆኗን የተማረው ያኔ ነው፤ ለዚያም አንድ ልጅ መሞት ነበረባት።

ተቀምጣ የቀረችው ሐመልማል ብቻ ነበረች። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያት ጀመር። ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳችና ቆመች። ጣራው ከፍ አለ፤ ግድግዳው ሸሽቶ የደቀቁትን ጣቶች ለቀቀ፤ ከወለሉ መቀመጫ ወጣ። እናቷ ተቀመጠችበት።

«እግዜር ያጽናዎት» አለቻት ሐመልማል።

ወይዘሮ አስካለ አንገቷን ደፍታ «አሜን» አለች።