ዝም ያለችበት እሁድ

ማሊያ ላይ ቁጥር መለጠፍ ለሚያየው ቀላል ሥራ ይመስላል። የሚተኩሰው ማሽን ጨርቁ ላይ ከልኩ ሦስት ሰከንድ ካለፈ ቁጥሩ ይቃጠላል፤ ሦስት ሰከንድ ከጎደለ ደግሞ ገና መጀመሪያ ሲታጠብ ይላጣል። ልጅቷ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ማሊያ አላቃጠለችም። ጎበዝ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ፈሪ ስለሆነች ነው። ፈሪ ሰው ሰከንድ አይስትም። ደንበኞች «ባለቁጥሯ» ይሏታል።

በዚያ ዓመት ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሚጫወቱበት ዓለም አቀፍ የእግር ኳስ ውድድር በከተማው እንዲካሄድ ተወሰነና የምትሠራበት ሱቅ እስከ ጣሪያው በማሊያ ተሞላ። አንድ ከሰዓት፣ መነጽር ያደረገ ረጅም ወጣት ብርቱካንማ ሰደርያ ይዞ ገባ። የውድድሩ የሕክምና ቡድን የሚለብሰው ነው።

«ሰባት ቁጥሬ ጠፋብኝ» አለ፣ የተላጠውን ጀርባ እያሳየ።

«በፈላ ውሃ አጠቡት?»

«አጠብኩት።»

«ከዚያ በላዩ ላይ በካውያ ተኮሱት?»

«ተኮስኩት።»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

«የእኔ ነው። እንዲያውም ሆን ብዬ ነው። ሰኞ ሰደርያዎቹን ስንረከብ እርስዎ ነበሩ የሰጡን። ተመልሼ የምመጣበት ሰበብ አጣሁ።»

ባለሱቁ ከጀርባ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድሜ፣ እዚህ ቤት ቁጥር እንጂ ሌላ ነገር አንለጥፍም!»

ሳቀች። ሳቋን በእጇ ሸፈነችው፤ የሸፈነችው እጅ ግን ዓይኗን አልጋረደውም፤ እሱም ዓይኗን ነበር የሚያየው።

በሦስተኛው ቀን ከሱቁ ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተቀመጡ። «አንተ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ እኮ» አለችው ሳታስበው፤ ከዚያ በኋላ «እርስዎ» የሚለው ቃል በመካከላቸው አልተመለሰም። በአንድ ወር ውስጥ የእሱን ጫማ ድምፅ ከመንገደኛው ሁሉ ለይታ ታውቀው ጀመር። እሁድ ቤታቸው መጥቶ እናቷን ሊተዋወቅ ቀጠሮ ያዙ። ይህን ያህል ደስታ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ከኋላው ምን እንዳስከተለ ዞር ብሎ ማየት ደግ ነበር።

ወጣቱ የራጅ ባለሙያ ነው። ከሚሠራበት ሆስፒታል ለውድድሩ በውሰት ተልኳል። ምን እንደሚሠራ አንድ ቀን ሻይ እየጠጡ አስረዳት።

«እዚህች ጋ» አለ፣ የራሱን የእጅ አንጓ በጣቱ እየነካ። «ልጅ እያደገ ሳለ በአጥንቱ ጫፍ ክፍተት አለ። ሲበስል ይገጥማል። ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ልጁ አሥራ ሰባትን አልፏል ማለት ነው፤ ወረቀቱ ያሻውን ቢል ከውድድሩ ይወጣል። ሐሙስ የአገራችንን ቡድን እናያለን።»

«የማን እጅ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ስም የለውም፣ ኮድ ብቻ ነው። እኔ የማየው አጥንት ነው። ስለዚህ ማንንም አልጠላም፣ ለማንም አላዳላም።»

ብርጭቆዋን ስታስቀምጥ ሻዩ ሳህኑ ላይ ፈሰሰ። በዚያ ቡድን ውስጥ በግራ ክንፍ የሚሮጠው፣ ከቅጥነቱና ከቁመቱ የተነሳ «ሸምበቆ» የሚሉት ልጅ የእሷ ወንድም ነው። ይህን አልነገረችውም። እናቷ «ሜዳ እስኪገባ ድረስ ለባዕድ አታውሩ፣ ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል» ብላ ከልክላ ነበር።

የእናትየው ፍርሃት ግን ዓይን ብቻ አልነበረም። ሸምበቆ አምስት ዓመት ሲሞላው ሳንባው ታመመና ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ዋለ። ሲድን ስምንት ሆኖታል፤ አንደኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች ደግሞ ስድስት ናቸው። እናትየው ልጇ መሀላቸው ሲቆም ታያት፤ «ሽማግሌው» ሲሉት፣ ሲስቁበት፣ አልቅሶ ሲመለስ፣ ዳግም ሲታመም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ዕድሜውን ሲጠይቃት «ስድስት» አለች። ልጅቷ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ አጠገብ ቆማ ሰማች። በሽታ ያቀጨጨውን ልጅ አይቶ የተጠራጠረ አልነበረም። እሱም ዕድሜው የተነገረውን ያህል እንደሆነ አምኖ አደገ፤ በዚያ ቤት ልደት የሚያከብር አልነበረም። ከአንዲት እናት አፍ የወጣች አንዲት ቃል ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ስትገለበጥ አሥር ዓመት ኖረች።

ማክሰኞ ማታ ሸምበቆ እራት ላይ፣ «ሐሙስ እጃችንን በማሽን ሊያዩን ነው አሉ። አያምም ብለውናል» ብሎ ሳቀ። እናትየው የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ልጅቷን ወጥ ቤት አስከትላ በሩን ዘጋች።

«ማሽን ምን ያውቃል? እኔ የወለድኩት አላውቅ ብዬ ማሽን ሊያውቅ?»

«እማ፣ ያውቃል።»

«እንግዲያው ፈጣሪ ይሸፍነው። አንቺ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። ለዚያ ለሆስፒታሉ ልጅም ቢሆን።»

«አልናገርም።»

«ማዪልኝ።»

«አንቺ ትሙቺ፣ አልናገርም።»

ማለች። ረቡዕ ከሰዓት ግን ከሥራ አስፈቅዳ ሆስፒታል ሄደች። እናቷን ለመክዳት አልነበረም። ሐሙስ አልፎ እሁድ ሲመጣ፣ የወንድሟን አጥንት አይቶ የጣለ ሰው ከወንድሟ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ሁለቱም ሳያውቁ። ይህን አስባ ሌሊቱን አልተኛችም።

በራጅ ክፍሉ ኮሪደር፣ የእንጨት አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ነገ ከምታያቸው እጆች አንዱ የወንድሜ ነው።»

መነጽሩን አወለቀ።

«ለምን ነገርሽኝ?»

«እንዳልናገር ለእናቴ ምያለሁ። የመጣሁት እንድትዋሽልኝ አይደለም። እሱ ምንም አያውቅም። ልጅ ነው፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው ብሎ ነው የሚያምነው። አንተም ሳታውቅ እንዳታደርገው ብዬ ነው።»

«አሁን እኮ አወቅሁ» አለ። «ከእንግዲህ አንዱንም እጅ አጥንት ነው ብዬ ማየት አልችልም። ይሄኛው ይሆን፣ ያኛው ይሆን እያልኩ ነው የማየው። ላሳልፈውም እችላለሁ፤ ያን ነው የምፈራው።»

«ታዲያ ምን ታደርጋለህ?»

«አልገባም።»

በማግስቱ ጠዋት «የቤተሰብ ጉዳይ ገጠመኝ» ብሎ ራሱን ከምርመራው አገለለ። ኃላፊው «በዚህ ቀን?» ብሎ ጮኸበት፤ ስሙን ከውድድሩ ሰረዘው። በምትኩ ከሌላ ከተማ አንዲት ባለሙያ መጣች። እሷም አጥንት አየች፤ ያየችውን ጻፈች።

ዓርብ ቀትር ላይ ሸምበቆ የትጥቅ ቦርሳውን ይዞ ቤት ገባ። ጫማውን በር ላይ አላወለቀም።

«እማ፣ አሥራ ሰባትን አልፈሃል አሉኝ። እንዴት ነው የማልፈው? ሁለቴ ጠየቅኳቸው፤ አሠልጣኙ እኔን ማየት አልፈለገም። አጭበርባሪ አለኝ።»

«ማሽኑ ነው የተሳሳተው፣ የኔ ልጅ።»

«እሺ። ስንት ዓመቴ ነው?»

እናትየው አፏን ከፈተች። ወንበሩን ያዘች። ልጁ የእናቱን ፊት አየ፣ ከዚያ የእህቱን፤ ከሁለቱም ፊት መልሱን አነበበ። ክፍሉ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቅዳሜ የመክፈቻው ጨዋታ ተካሄደ። ስታዲየሙ ሩቅ አልነበረም፤ ጎል ሲገባ የሕዝቡ ጩኸት በመስኮቱ እየገባ ልጁ የተከናነበውን ብርድ ልብስ አልፎ ይሰማው ነበር።

ወሬ እግር የለውም ይባላል፤ የዚያን ቀን ግን ሮጦ ደረሰ። የጎረቤት ሴት ለእናትየው፣ «ልጅሽን የሚጠጋት የራጁ ልጅ እኮ ነው የእጅ ምርመራውን የሚሠራው፤ አልሰማሽም?» አለቻት።

እሁድ ወጣቱ መጣ። ልጅቷ «አትምጣ» ልትለው አስባ ነበር፤ ግን እንዲመጣ ትፈልግ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ ፍራፍሬ ይዟል። እናትየው ሻይ ቀዳችለት፤ እንግዳ ነውና። ከዚያ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«የልጄን እጅ ያየኸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም፣ እማማ።»

«እዚያ ክፍል አልሠራም በለኛ!»

«እሠራ ነበር። በዚያ ቀን ግን አልነበርኩም።»

«ወሩን ሙሉ ኖረህ በዚያ ቀን ቀረህ? ለምን?»

ወጣቱ አልመለሰም። ለምን እንደቀረ ከተናገረ ማን እንደነገረው ይጠየቃል፤ ማን እንደነገረው ከታወቀ መሐላዋን ማፍረሷ ይታወቃል። ቀስ ብሎ ወደ ልጅቷ ዞረ። አልለመናትም፤ አየት አደረጋት ብቻ።

ልጅቷ «እኔ ነኝ እማ፤ እኔ ነገርኩት፣ እሱ እኛን ሊጎዳ ስላልፈለገ ቀረ» ማለት ነበረባት። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። የእናቷን ዓይን አየች፤ በሦስት ቀን ውስጥ የጎደጎደውን ፊቷን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች። ወለሉ ላይ አንድ የተሰነጠቀ ንጣፍ ነበር። እሱን ስታይ ቆየች።

«ይኸው! አፉ ተያዘ!» አለች እናትየው እያለቀሰች። «ልጄን አጋድመህ ስታበቃ ሴት ልጄን ልትጨምር መጣህ? ሻይህን ጠጣና ውጣልኝ!»

ወጣቱ ሻዩን አልነካውም። ተነሣና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ አንድ ጊዜ ዞረ። ልጅቷ ቀና ስትል በሩ ተዘግቷል።

ከዚያ በኋላ ደወለችለት፤ አላነሳም። ሱቁ በር ላይ ጫማ በተሰማ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ሌላ ሰው ነው። ውድድሩ አለቀ፤ ዋንጫውን እንግዶቹ ይዘው ሄዱ። በዚያ ወር በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ማሊያ አቃጠለች። ባለሱቁ አልተቆጣም፤ ያ ደግሞ የባሰ አስለቀሳት።

ሸምበቆ በአራተኛው ሳምንት ከክፍሉ ወጥቶ እናቱ አጠገብ ተቀመጠ። «በይ ንገሪኝ፣ እውነተኛውን» አላት። ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ሳንባው፣ ስለ ጸሐፊው፣ ይስቁብሃል ብላ ስለ መፍራቷ። ስትጨርስ ልጁ፣ «ይሳቁብኝ ነበር እኮ፣ እማ። ቢስቁብኝ ይሻል ነበር» አለ። ከዚያ ግን ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አደረገ።

ይህን ስታይ ልጅቷ ከዚያ በላይ ምስጢሯን መያዝ አልቻለችም።

«እማ፣ ለዚያ ልጅ የነገርኩት እኔ ነኝ። አንቺ ትሙቺ ብዬ ምዬ ሄጄ ነገርኩት። እሱ ስለነገርኩት ነው ሥራውን የተወው። ሸምበቆን አላየውም። ማንንም አልጠቆመም።»

እናትየው ለረጅም ጊዜ የልጁን ፀጉር ስትዳብስ ቆየች።

«ታዲያ ያን ዕለት ምነው ዝም አልሽ?»

«አንቺን ፈርቼ።»

«እኔን ፈርተሽ» አለች እናትየው። «ከእኔ ሌላ ነገር ብትወርሺ ምናለበት፣ ልጄ?» ዓይኗን በነጠላ ጠረገች። «ሂጂ። ይቅርታ ጠይቂው። የእኔንም ጨምረሽ።»

ወጣቱ በዚያ እሁድ ማግስት ዝውውር ጠይቆ የስድስት ሰዓት መንገድ ርቃ ወደምትገኝ ከተማ ሄዶ ነበር። ልጅቷ የት እንዳለ ከቀድሞ ሆስፒታሉ ጠይቃ፣ ጠዋት ተሳፍራ ስምንት ሰዓት ላይ ደረሰች። ሆስፒታሉ ትንሽ ነው፤ በራጅ ክፍሉ ደጃፍ እጃቸውን ያሰሩ፣ እግራቸውን የዘረጉ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሲያያት ሰዎቹን ይቅርታ ጠይቆ አስገባት። ከስቷል።

ሁሉንም ነገረችው። የእናቷንም ይቅርታ አደረሰች። እስክትጨርስ ሰማት።

«እናትሽን አልተቀየምኩም» አለ። «እናት ናት። አንቺንም አልተቀየምኩም፣ እውነቴን ነው። ግን ያን ዕለት ዓይንሽን ፈለግሁት። ቃል እንኳ አይደለም የፈለግሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ሰው ያወራል፣ ልጅ ይታመማል፣ አንዱ ይቆጣል። ያኔም ብቻዬን እቆም ይሆን እያልኩ መኖር አልችልም። ሞክሬዋለሁ፤ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ ሞክሬዋለሁ።»

«አልደግመውም» አለች።

ሊያምናት ይታገል ነበር። እጁን አንሥቶ ወደ ፊቷ ሰደደ፤ ጉንጯ ዘንድ ሳይደርስ ግን ቆመ፤ ቆይቶ ወረደ። ከውጭ አንድ ሰው በሩን ቆረቆረ። ሁለቱም በሩን አዩ።

«ሰዎች እየጠበቁኝ ነው» አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ።

«ብዙ ጠብቀውሃል» አለች። «ሂድ።»

በሩን ራሷ ከፈተችለት። ክንዱን ያሰረ አንድ ሽማግሌ ከአግዳሚው ተነሣ፤ አሳለፈችውና ወጣች። ኮሪደሩ ረጅም ነበር። ከኋላዋ የሱ ድምፅ ሽማግሌውን በትህትና፣ «እስቲ እጅዎን እዚህ ላይ ያሳርፉልኝ፣ አባባ። አይፍሩ» ሲል ሰማች። ቀና እንዳለች እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሄደች።