ሁለተኛዋ ጉርሻ

ደባርቅ ላይ ዓሣ ማርባት ለነፋስ ጋቢ እንደ ማልበስ ነው እያሉ ጎረቤቶቹ ሲስቁበት ሚናስ መልስ አልነበረውም፤ ሮቶ ግን ነበረው። በማዕረግ ተመርቆ ሥራ ሲያጣ በእናቱ ጓሮ የላስቲክ ቤት ቀለሰና ብርድ የሚችሉ ዓሦች ከወገቡ በተቆረጠው ሮቶ ውስጥ ለቀቀ። ከበላዩ ጠጠር በሞላው ገንዳ ሰላጣ ተከለ። ፓምፑ የዓሦቹን ውሃ ወደ ሰላጣው ይገፋል፤ ሰላጣው እድፉን በልቶ ውሃውን አጥርቶ ይመልሳል።

ሠርካለም የመጣችው ሰላጣ ልትገዛ ነበር። የቱሪስት ማረፊያ ወጥ ቤት ትሠራለች።

«እና ይሄ ሰላጣ የዓሣ ሽንት እየጠጣ ነው ያደገው?»

«እንግዶችሽ ‹ኦርጋኒክ› ነው የሚሉት።»

«እነሱማ ብርዱንም ‹ንጹሕ አየር› ይሉታል።»

ሳቀች። ሚናስ ሂሳብ መቀበሉን ረሳ።

ከዚያ ወዲያ ሰላጣ ባያስፈልጋትም ትመጣ ጀመር። በብር አምባሯ ሮቶውን ኳ ኳ ስታደርግ ዓሦቹ ግር ብለው ይወጣሉ። ሚናስ በሁለት ጣቱ አንድ ቁንጥር መኖ ይበትንና ጣሳውን ይከድናል።

«አንዲት ብቻ? አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰማህም?»

«ዓሣ እንግዳ አይደለም፤ በሞቴ አይባልም። የተረፈው መኖ ይበሰብስና ውሃውን ይመርዘዋል። ዓሣን የሚገድለው ረሃብ ሳይሆን ግብዣ ነው።»

«እኛ ሰፈር በግብዣ የሞተ ሰው አላውቅም።»

ዞር ሲልላት ሁለተኛዋን ቁንጥር ጣል ታደርጋለች። ያያታል፤ ያላየ ይመስላል። ስትሄድ እጅጌውን ሰብስቦ የተረፈውን ከሥር ይለቅማል። ፍቅሩ ይኸው ነበር፤ ግን አልነገራትም። በንግግርም ቢሆን ሚናስ ከአንድ ቁንጥር አያልፍም።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ሮቶውን ሳታንኳኳ ገባች።

«ዳባት፣ አባቴ ቤት ሽማግሌ ሊመጣ ነው።» አባቷ መሪጌታ ይግዛው ናቸው። «ፀጋው ይባላል፤ ባለ ሚኒባስ ነው። ሚኒባሱ ቁልቁለቱን ወርዳ ድብ ባሕር ሳትደርስ ትቆማለች፤ እሱ ግን የሚቆም አይመስልም። እሑድ ነው የሚልከው።»

«አንቺስ?»

ቀና ብላ አየችው። ረጅም አስተያየት ነበር።

«ያንተ ሽማግሌ ቀድሞ ከደረሰ ለአባቴ የምለው ይኖረኛል። ባዶ እጄን ግን ምን ብዬ እምቢ ልበል?»

«እልካለሁ» አለ። «አጎቴን ከአምባራስ አመጣለሁ።»

አጎቱ አቶ ዋሴ በስልክ የሚመጡ ሰው አይደሉም። «በስልክ የተጠራ ሽማግሌ የስልክ ሚስት ነው የሚያመጣ» ይላሉ። ሄዶ እግራቸው ላይ ወድቆ ማምጣት ነው።

ዓርብ ሊነሳ ጫማውን ሲያስር መብራት ጠፋ። ፓምፑ ዝም አለ። ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው አውጥተው አየር ይምጉ ጀመር። ሚናስ ጆግ አነሳ፤ ውሃው አየር እንዲይዝ እየቀዳ ከላይ ወደ ታች ያንቆረቁር ያዘ።

ቅዳሜ ሠርካለም ስትመጣ እዚያው ቆሞ አገኘችው፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

«አጎትህስ?»

«መብራት ይምጣና እሄዳለሁ።»

«እናትህ ያንቆርቁሩ፤ እኔም አለሁ። አንተ ሂድ!»

«ትንሽ ብትዘናጉ ያልቃሉ። እነሱ ካለቁ ምን ይዤ አባትሽ ፊት እቀርባለሁ?»

«አባቴ ዓሣ አልጠየቁም፣ ሚናስ።»

ጆጉን ሞላ።

ሌላ ጆግ አነሳችና አጠገቡ ቆመች። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ ሁለቱ ጎን ለጎን አንቆረቆሩ። ከዚያ ጆጓን ቀስ ብላ አስቀመጠች። እጇን በነጠላዋ አደረቀች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለች፤ ሚናስ ቀና ቢል ኖሮ ያያት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የፀጋው ሽማግሌዎች መሪጌታ ደጅ ላይ ቆሙ። መብራት የመጣው ከሰዓት ነው። አንድም ዓሣ አልሞተም።

ለሠርካለምና ለፀጋው ሠርግ ሰላጣ የታዘዘው ከሚናስ ዘንድ ነበር፤ ደባርቅ ላይ እንዲያ ያማረ የትም አይገኝም። ቅጠል በቅጠል ራሱ ቆረጠው።

«ዓሦቹ ደኅና ናቸው?» አሉ እናቱ፣ በሩ ላይ ቆመው።

«ደኅና ናቸው፣ እማዬ።»

«እሰይ። አንተስ?»

ሰላጣውን የሚያጥብ መሰለ። እናቱ እንባቸውን ይዘው ገቡ።

የሙሽራይቱ መኪና ጡሩንባ በአስፋልቱ በኩል አልፎ እስኪጠፋ ጠበቀ። ከዚያ በጣቱ ሮቶውን ኳ ኳ አደረገ። ዓሦቹ ግር ብለው ወጡ፤ ማንን እንደ ጠበቁ እነሱ ያውቃሉ። አንድ ቁንጥር በተነላቸው። ጣሳውን ሊከድን ብሎ ተወውና ሁለተኛዋን ጨመረ።

ዓሦቹ ግን ጠግበው ሄደው ነበር። ሁለተኛዋ ጉርሻ ጥቂት ተንሳፈፈችና፣ የሚቀበላት ስታጣ ቀስ እያለች ወደ ሥር ሰመጠች።

ሚናስ እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱን እስከ ትከሻው ቀዝቃዛው ውሃ ውስጥ ነክሮ ይለቅማት ጀመር።