አልሰማሁም

«ዳግም፣ እስክሪብቶሽን ያዢ እንጂ! ውሳኔ ልንሰጥ ነው» አሉ አያቷ።

ዳግማዊት እስክሪብቶውን አነሳች፤ መጻፍ ግን አልጀመረችም። አያቷ ወልደ ገብርኤል በሁለት ሽማግሌዎች መካከል ተቀምጠው፣ መዳፎቻቸውን ከዘራቸው ላይ አነባብረዋል። እሷ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ የሽምግልናውን ቃል መያዝ ከጀመረች ዓመት ሊሆናት ነው።

አዲሱ የቀበሌ አዳራሽ ከተሠራ ወዲህ ሽምግልናው እዚያ ገብቷል። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ጣራው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው፤ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሦስት ሰው ያስነጠሰ ይመስላል። ዛሬ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። ከጀርባ ያለው ወፍጮ ፋታ የለውም፤ ገበያተኛውም በሩን ሞልቶ ያወራል።

ከሳሹ ይታየው ጉዳዩን የተናገረው እየጮኸ ነበር። የእሱና የተከሳሿ የዓለሚቱ በሬዎች ተቀናጅተው ሲያርሱ የእሱ በሬ እግሩ ተሰበረ። የተሰበረው በእሷ ማሳ ላይ ነውና በሬዋን ትስጠኝ አለ። ዓለሚቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት በሬ እሱ ብቻ ነው።

እሷ ስትናገር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ መሬት መሬት እያየች ነበር። «በሬው ጧትም ያነክስ ነበር። ዛሬ ይቅርብን ብዬው ነበር። ‹ግድ የለም፣ ይጠመድ› ያለው ራሱ ነው። ያረሰልን ዮሐንስ ነው፤ ይጠየቅ።»

ዳግማዊት አጠገቧ ስለነበረች ቃል በቃል ጻፈችው። አያቷ ማዶ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። «እህ… እህ…» ይላሉ። ይህን ታውቀዋለች። ሠርግ ቤት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ድምፅ ሲደባለቅባቸው የሚያደርጉት ነው። እቤት ሁለት ሆነው ሲያወሩ ሹክታዋ እንኳ አያመልጣቸውም፤ ስለዚህ ማንም አልጠረጠረም። ባለፈው ወር «አባባ፣ አዳራሽ ውስጥ ይሰማዎታል?» ብትላቸው ቀኑን ሙሉ አኩርፈዋት ዋሉ።

«የይታየውን ሰምተናል» አሉ አያቷ። «ዓለሚቱም አልካደችም።» ሁለቱ ሽማግሌዎችም እሳቸው ሰምተዋል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዓለሚቱ በድንጋጤ ቀና አለች። አፏ ተከፈተ፤ ግን ሽማግሌ ቃል ሲሰጥ ጣልቃ መግባት ነውር ነው። መልሳ ዘጋችው።

ከውሳኔው ቀጥሎ ምርቃት ነው። ከተመረቀ በኋላ ነገሩን የሚመልሰው የለም።

ዳግማዊት በሩን አየች። በሰው ተዘግቷል። ‹አያቴ አልሰሙም› ብትል፣ አርባ ዓመት ሰው ያስታረቁ አዛውንት በገበያተኛ ፊት መሳቂያ ይሆናሉ፤ ከእንግዲህ ማንም አይጠራቸውም። ዝም ብትል በሬው ይሄዳል፤ ይሂድ ብላ የምትጽፈውም እሷው ናት።

«ስለዚህ በሬዋን…»

«አባባ!»

ድምፅዋ ከቆርቆሮው ተመልሶ ራሷኑ አስደነገጣት። ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። የእትዬ ዓለሚቱን ቃል… አልሰማሁም። አልጻፍኩትም። ወፍጮው ረበሸኝ።»

«ጉድ እኮ ነው!» አለ ይታየው። «ጸሐፊ ተብለሽ ተቀምጠሽ! ስልክ ስትነካኪ ነበር አይደል?»

በር ላይ ያሉት ሳቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ አያ ደጉ፣ «የዛሬ ልጅ ጆሮው ኤርፎን ነው፤ ምን ትፈርድበታለህ» አሉ።

ፊቷ ነደደ። ደብተሩን በመዳፏ ሸፈነችው። ከመዳፏ ሥር የዓለሚቱ ቃል ገጹን ሞልቶታል።

«እና ምን ይሁን ነው የምትይው?» አሉ አያቷ በቁጣ።

«ከወፍጮው ራቅ ብለን፣ ግቢው ውስጥ እንቀመጥ። እዚያ እትዬ ዓለሚቱ ደግመው ይንገሩኝ።»

አያቷ ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እጇ ወረደ፤ በጣቶቿ መካከል ጽሑፉ ይታያል። እዚያው ላይ ትንሽ ቆየ። ቁጣው ከፊታቸው ጠፋ።

ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጅቷ ካልሰማች ምን ይደረጋል፣ እንውጣ» አሉ። «ነዪ ዓለሚቱ፤ አንቺ ከእኔ አጠገብ ትቀመጫለሽ።»

ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ዳግማዊት ከኋላ ተከተለቻቸው፤ እየሄደችም የተጻፈውን ገጽ ገልብጣ ባዶውን ከፈተች።