አርሞ የማያውቀው ቢሮ

ጋሽ ገብረወልድ የሞቱት ምንጣፍ ላይ ነው፤ ያውም ፕላስቲኩ ገና ባልተገለጠ አዲስ የሱፍ ምንጣፍ ላይ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ዕቃ ከባሕር ወደ ድሬዳዋ ሲያስገቡ የኖሩ ትራንዚተር፣ መጨረሻቸው ከከዚራ ሰፈር ጀርባ በፋርሂያ መጋዘን ግቢ፣ በሰው ኮንቴይነር ውስጥ ሆነ። በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ከግራ ጆሯቸው በላይ ትንሽ ደም ነበረ፤ ሰው ሁሉ ያየውም ያንን ደም ነው።

ድሬዳዋ «አንቱ» ማለት አይሆንላትም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብላ ትገላገለዋለች። ለጋሽ ገብረወልድ ግን «አንቱ» ትል ነበር። ስለዚህ ዋና ኢንስፔክተር የምሥራች ግቢው ስትደርስ ሰዉ እያለቀሰ ብቻ ሳይሆን ተቆጥቶም ጠበቃት። ስሟ የምሥራች ይሁን እንጂ በሩን ያንኳኳችበት ቤት ደስ ብሎት አያውቅም፤ እሷም ለምዳዋለች። የተቆጣ ሰው ደግሞ ጣቱን የሚቀስርበት አያጣም። ጣቱ ሁሉ የተቀሰረው ኮንቴይነሩን ከጅቡቲ ጭኖ ባመጣው ሾፌር በዳሂር ላይ ነበር።

«ጠዋት ኮሌታቸውን ይዟቸው ነበር!» አለ የምንጣፉ ባለቤት ነጅሙዲን፤ ታይዋን ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። «በፀሐይ ስታቃጥሉኝ አረፈዳችሁ፣ መኪናዬን ባዶ አድርጉልኝ እያለ ሲጮህባቸው ሁላችንም ሰምተናል።»

«አቦ፣ መጀመሪያ ጠይቂኝ!» አለ ዳሂር።

«ጣቢያ ትጠየቃለህ» አለችው የምሥራች፣ ፊቱን እንኳ ሳታይ። በካቴና አሰረችውና በጫኝና አውራጆቹ መሀል አሳልፋ መኪናው ላይ አስወጣችው። ጣቢያ ሲደርስ ግን ማንም አልጠየቀውም። ደሙ አለ፣ ጠቡ አለ፣ ምስክሩ አለ፤ ምን ይጠየቃል? ከነገ ወዲያ ጠዋት በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ተወሰነ።

በማግስቱ ጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴት ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ምሳ ዕቃ ታቅፋ ቆማ ነበር። ሃሊሞ ትባላለች፤ የዳሂር እናት ናት። ታይዋን ልብስ ትሸጣለች፤ ያን ቀን ግን ሱቋን አልከፈተችም።

«አንቺ ነሽ ልጄን ያሰርሽው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ገደለ ብላችኋል አሉ። እሱስ ምን አለ?»

«እንዴት ምን አለ?»

«ስትጠይቁት ነዋ! ምን አለ?»

ስንቱን ወንበዴ ያናዘዘች ሴት፣ ይህን አንዱን እንዳልጠየቀችው መናገር አፈረች። ሃሊሞ ምግቡን ሰጥታ፣ ሰው እንዳያያት አጎንብሳ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ሄደች።

ከሆስፒታል የደወለው ሐኪም ደግሞ ነገሩን አባሰው። «ቁስሉ ላይ ላዩን ነው፤ ሲወድቁ ብረት የመታቸው ይመስላል። የገደላቸው እሱ አይደለም። ሳንባቸው ውሃ ይዟል፤ መርዝ ነገር ተንፍሰዋል ብዬ እጠረጥራለሁ።»

የምሥራች ዳሂርን ራሷ ከእስር ክፍሉ አውጥታ ወንበር ሰጠችው።

«ኮሌታቸውን ይዘሃል?»

«ይዣለሁ፣ አልክድም። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ወላሂ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አፍሬያለሁ። ወዲያው ለቅቄያቸው ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።»

«ኮንቴይነሩ ላይ ያየኸው ነገር አለ?»

«በሩ ላይ የራስ ቅል የተሳለበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ውስጡ የተባይ መድኃኒት ተደርጓል ማለት ነው። ድንበር ላይ፣ ደወሌ ስፈተሽ ነበረ፤ ማታ እዚህ ግቢ ሳቆመውም ነበረ። ጠዋት ስመጣ የለም። ባለሙያ አናፍሶት አንስቶታል አልኩ። እኛ ሾፌሮች የምናውቀው እንደዚያ ነው፤ ወረቀቱ ከሌለ ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ይህን ለምን አልተናገርክም?»

ዳሂር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። «ለማን?»

የምሥራች ወደ ግቢው ተመለሰች። ትናንት ደም ብቻ ያየችበትን ቦታ ዛሬ በደንብ አየችው። አቧራ በጠጣው የኮንቴይነር በር ላይ አንድ ንጹሕ አራት ማዕዘን አለ፤ ዳር ዳሩን የሙጫ ቅሪት ይዞታል። ደፉ ላይ ዝንቦች ወድቀዋል። በዚያ ሙቀት ሬሳ የወጣበት ቦታ ዝንብ ቢሰበሰብ አይገርምም፤ እነዚህ ግን ሞተው ነበር። አንገቷን አስግጋ ስታሸት የነጭ ሽንኩርት የመሰለ ሽታ ሰነፈጣት። ፈጥና ተመለሰች፤ እንዲያም ሆኖ ራሷን እስኪመሽ አመማት። ማንም እንዳይጠጋ ዘበኛ አቆመች፤ የእህል መጋዘን የሚያጥኑ ባለሙያዎችም መጥተው እንዲያናፍሱት አዘዘች።

ከዚያ ፋርሂያን አስጠራች። ፋርሂያ የግቢው ባለቤት ናት፤ ምላሷ ቃሪያ ነው።

«ይሄ ሽታ ትናንትም ነበር?»

«ነበር እንጂ! በሩን እንደከፈቱት አንገቴን አስግጌ፣ ነጅሙዲን፣ ምንጣፍ ነው ወይስ ሽንኩርት ያስመጣኸው ብዬ ስቄበታለሁ። እሱም ገባ ብሎ ፊት ያሉትን ዳበሰ፣ አሸተተ፣ የመርከብ ሽታ ነው አለኝ። ከዚያ እኛ ቢሮ ገባን፤ ጋሼ ቀሩ። እሳቸው እስከ ጥጉ ገብተው በዓይናቸው ሳያዩ ዕቃ አያስረክቡም፤ ልማዳቸው ነው።»

«ማን አወጣቸው?»

«ቡልቻ፣ ጫኝና አውራጁ። ጎትቶ እንዳወጣቸው ወዲያው አስመለሰው። ሬሳ ፈራ ብለን ሳቅንበት፤ አላህ ይቅር ይበለን።»

«ቢሯቸው አብሯቸው የሚሠራው ይትባረክስ?»

«ምስኪን! መጀመሪያ ወድቀው ያያቸው እሱ ነው። የቡልቻን ክንድ ይዞ፣ ቆይ፣ ሌላው በር ይከፈት፣ አየር ይግባ እያለ ያነባል። ድንጋጤ ነዋ! ያቀፋቸውም ከወጡ በኋላ ነው።»

የምሥራች ወደ ከዚራ ስትሄድ በነጅሙዲን ሱቅ በኩል አለፈች። «ያለፈው ጭነት የፕላስቲክ ክር ምንጣፍ ነበር፤ ሱፍ ሳስመጣ የመጀመሪያዬ ነው» አላት። ስለ መድኃኒቱ ስትጠይቀው ግን «እሱን ላኪው ነው የሚያውቀው» ብሎ ጨዋታ ለወጠ።

ይትባረክ የጋሽ ገብረወልድ የወንድም ልጅ ነው። ወላጆቹ ሲሞቱ እሳቸው አሳደጉት፣ አስተማሩት፣ ከዚራ ባለው ቢሯቸውም ከጎናቸው አስቀመጡት። «አባባ» ነበር የሚላቸው። ጥቁር ለብሶ፣ ከባዶ ወንበራቸው ፊት ለፊት ተቀምጦ አገኘችው።

«ይህ የቅድሚያ ዲክላራሲዮን የምትሉት ምንድን ነው? እንደማያውቅ ሰው አስረዳኝ።»

«ዕቃው መርከብ ላይ ሳይጫን በፊት ኮንቴይነሩ ውስጥ ምን እንዳለ፣ የማን እንደሆነ፣ አደገኛ ነገር ካለበትም እሱኑ እናሳውቃለን። ባሕር ላይ ማን ከፍቶ ያየዋል? ያልነውን አምነው ነው የሚያሳልፉት።»

«የብል መድኃኒት ቢደረግበትስ?»

«ይጻፋል።» ዓይኑን ሰበረ።

«ተሳስታችሁ ብታስቀሩትስ?»

«ማረም ይቻላል። ቅጣቱ እንኳ ቀላል ነው። ግን የአባባ ቢሮ ዲክላራሲዮን አርሞ አያውቅም። ከተማው የሚያውቀን በዚያ ነው።»

«እሳቸው ሲገቡ የት ነበርክ?»

«ውጭ በር ላይ ስልክ ሳወራ። ሲገባ አላየሁትም።»

ዳሂር ፍርድ ቤት በሚቀርብበት ጠዋት የምሥራች ሁሉንም ፋርሂያ ግቢ፣ ከኮንቴይነሩ ፊት ለፊት ባለው ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ሰበሰበቻቸው። ዳሂርም ከነካቴናው መጣ።

«ጋሽ ገብረወልድን የመታቸው ሰው የለም» ብላ ጀመረች። «ቡልቻን ያስመለሰው፣ ዝንቡን የገደለው፣ ፋርሂያ ሽንኩርት ያለችው ነገር ነው የገደላቸው። የሱፍ ምንጣፍ ብል እንዳይበላው የሚደረግ መድኃኒት ነው፤ በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ መርዘኛ ጋዝ ይሆናል። በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረ። ጋሼ ቢያዩት ኖሮ አይገቡም ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ማታ ማን ላጠው ነው።»

በሩ ላይ የቀረውን ንጹሕ አራት ማዕዘን በጣቷ አሳየቻቸው።

«ዳሂር አይደለም። ወረቀቱ እንደነበረ የነገረኝ ራሱ ነው፤ የላጠ ሰው ለምን ያወራዋል? ፋርሂያም አይደለችም፤ መርዝ እንዳለ የምታውቅ ሴት አንገቷን አስግጋ አትስቅም። ነጅሙዲንም ገብቶ ዳብሷል፣ አሽትቷል። ቡልቻ ገብቶ ታሟል። አንድ ሰው ግን ደፉን አልረገጠም።» ወደ ጫኝና አውራጁ ዞረች። «ቡልቻ፣ እስቲ ግባና ከጥጉ አንድ ጥቅል አምጣልን።»

ቡልቻ አንድ እግሩን ወደ ደፉ አነሣ።

«አትግባ!» ይትባረክ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነስቶ ነበር። «ቡልቻ፣ አትግባ! ከጥጉ ገና...»

ግቢው ሁሉ ያየዋል።

«ተመለስ ቡልቻ፤ ሳልነግርህ ስላስደነገጥኩህ ይቅርታ። ባለሙያዎቹ አናፍሰውታል፣ ንጹሕ ነው» አለች የምሥራች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይትባረክ፣ ሰው አባቱ ወድቆ ሲያይ ሮጦ እላዩ ላይ ይወድቃል። አንተ ግን አየር ይግባ አልክ። አየሩ መበከሉን ማንም ሳያውቅ አንተ በምን አወቅክ? የደነገጠ ሰው ይሮጣል እንጂ ሌላውን በር አያስከፍትም።»

ነጅሙዲን ራሱን ያዘ። «ላኪው መድኃኒት አድርጌበታለሁ ሲለኝ ወዲያው ለይትባረክ ደውዬ ነግሬዋለሁ። ተጽፏል አለኝ። የደበቅኩሽ አፍሬ ነው፤ በነጅሙዲን ምንጣፍ ሰው ሞተ እንዳይባል።»

ይትባረክ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ዲክላራሲዮኑን አስቀድሜ ልኬው ነበር» አለ። «ያለፈውን ጭነት ገልብጬ፣ ፕላስቲክ የሚለውን ሱፍ አድርጌ ላክሁት። ትራንዚተር ሁሉ ሲቸኩል የሚያደርገው ነው። መድኃኒት የለውም የሚለው እንዳለ ቀረ። ነጅሙዲን ሲነግረኝ መርከቡ ተጭኗል። ማረም ነበረብኝ፤ እጄ እምቢ አለኝ። በአባባ ቢሮ የመጀመሪያዋ እርማት የእኔ ትሁን?»

«ኮንቴይነሩ ሲመጣስ?»

«ያ ሥዕል በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ያጋልጠኛል። አባባ ቢያየው፣ ይሄ ለምን አልተጻፈም ብሎ በሰው ፊት ይጠይቀኛል። ማታ መጥቼ ላጥኩት። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ መድኃኒቱ ተኖ አልቋል ብዬ ነበር።»

«ሲገቡ አይተሃቸዋል።»

«አይቻለሁ። ሽታው ሲመጣብኝ ፈራሁ። አባባ ብዬ ጠራሁት። ደፉ ላይ ቆሞ ዞረ። ምነው አለኝ። ጫኝና አውራጆቹ ቆመው ያዩናል። ምንም የለም አልኩት።»

ፋርሂያ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ነጅሙዲን መሬት መሬት ያያል። «አርሞ አያውቅም» እያሉ ያንን ቢሮ ሲያወድሱ የኖሩት እነሱ ናቸው፤ ሟቹም በዚያ ሲኮሩ ኖረዋል፤ ልጁም በዚያ ኩራት ታፍኖ አደገ። ይሉኝታ ስንት ቤት አፍርሷል፤ በዚያ ጠዋት ደግሞ ነፍስ እንዳጠፋ በዓይናቸው አዩ። ሕግ ግን ይሉኝታን ካቴና ማስገባት አይችልምና አብሯት የመጣው ሳጅን ይትባረክን ይዞት ሄደ።

የምሥራች ቁልፉን አውጥታ የዳሂርን ካቴና ፈታች። ሳጅኑ ጣቢያ ወስዶ ቢፈታው ነገሩ በወረቀት ያልቅ ነበር፤ አስባውም ነበር። ይትባረክን የሰማ ጆሮዋ ግን አላስቻላትም።

«ዳሂር፣ ሳልጠይቅህ አሰርኩህ» አለች፣ ጫኝና አውራጆቹ እየሰሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ዳሂር የእጁን አንጓ አሸ። «እኔስ ወጣሁ» አለ። «እናቴ ናት የታሰረችው። የነፍሰ ገዳይ እናት ተብላ ገበያ መውጣት አፍራለች። ለእሷ ንገሪያት፤ እዚያው ገበያው መሀል።»

ቀትር ላይ ታይዋን በሰው ተጨናንቆ ነበር። ዳሂር እናቱን ከቤት አምጥቶ ሱቋን ከፈተላት። ሃሊሞ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ እንደሳበች ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ወደ ማንም አላየችም። የምሥራች ከነዩኒፎርሟ ፊቷ ቆመች።

«እናቴ፣ ዳሂር ሰው አልገደለም። ሳልጠይቅ ያሰርኩት እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።»

ሃሊሞ ሻሿን ከአፍንጫዋ አወረደች። ከመንገዱ ማዶ ጫማ የሚሸጡት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ጆሯቸውን አቅንተዋል።

«ጮክ በይ» አለቻት። «እነዚያ አልሰሙም።»

የምሥራች ወደ ማዶ ዞረችና ከመጀመሪያው ጀመረች።