ከቆዳው ሥር የቀረው ቢጫ

ኤልዜያር ለቀለም የሚሆነው ቢጫ ጭቃ በሚጠልልበት ገንዳ ውስጥ በፊቱ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱ ተፈንክቷል። ከከተማ የተጠራው መርማሪ ሴጉሬ ገና ከፈረሱ ሳይወርድ መንደራችን ፍርዱን ጨርሶ ነበር፤ ገዳይዋ ሚስቱ ኖሪን ናት! ምን ይደረግ፣ የእኛ አፍ ሥራ አይፈታም።

እሷም ብትሆን አልተጠነቀቀችም። በዋዜማው ገበያ መሀል እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ «ዞኤ ቤት ስትገባ ብይዝህ በገዛ እጄ ነው የምገድልህ!» ብላዋለች። ዞኤ ባሏ የሞተባት ቆንጆ ናት። ለመታማት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል?

«ገደልሽው?» አላት ሴጉሬ።

«ቀንቻለሁ፣ አንጀቴ አርሯል። ግን አልገደልኩትም። አንገቴን ልትቆርጡኝ ነው አይደል?»

«ሌላ ገዳይ ካላገኘሁ፣ አዎ። የዞኤን ነገር ማን ነገረሽ?»

«ባርናቤ። የባሌ ጓደኛ፣ የምድጃው ሠራተኛ።»

ሴጉሬ ወደ ምድጃው ቤት ሄደ። ቢጫው አፈር ደርቆና ተፈጭቶ የሚገባው፣ እሳት በልቶት ቀይ ቀለም ሆኖ የሚወጣው እዚያ ነው። ባርናቤ ረጅሙን የብረት መቆስቆሻ ይዞ ቆሟል።

«ትናንት ገንዳው ጋ ወርደህ ነበር?»

«እኔ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ከዚህ እሳት ንቅንቅ አላልኩም። ደግሞስ የምድጃ ዕቃ ገንዳ ጋ ወርዶ ያውቃል? ቁንጣሪ ቀይ ጠብ ቢልበት ገንዳው በሙሉ ይበላሻል፤ ገንዳው ላይ የሚሠሩት ሴቶች በድንጋይ ነው የሚያባርሩን!»

«ኤልዜያርን ትወደው ነበር?»

«ወንድሜ ነበር» አለ፤ ዓይኑ ግን በመስኮቱ ኖሪንን ያያል። ሴጉሬ መቆስቆሻውን ተቀብሎ አገላበጠው። እጀታው ላይ የተጠቀለለው ቆዳ ጠርዙ አሯል።

«ሁሉንም ጥሩልኝ» አለ።

ኖሪን መጣች፣ ዞኤ መጣች፣ እኛም በሩን ሞልተን ተጋፋን። ሴጉሬ ቆዳውን በቢላዋ ቀደደው።

«እዩ። ብረቱ ላይ የፈሰሰው አንድ ዓይነት ጭቃ ነው፤ ከቆዳው ውጭ ቀይ፣ ጠርዙ ጋ ብርቱካን፣ ከቆዳው ሥር ቢጫ። ወደ ምድጃ የሚገባው ደረቅ ዱቄት ነው፤ ርጥብ ቢጫ ጭቃ ያለው ገንዳው ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ ብረት ገንዳው ውስጥ ወድቆ፣ ከዚያ እሳት ገብቷል። ደሙን እሳት ይበላዋል፣ ቢጫውን ያቀላዋል፤ ከቀይ መሀል ቀዩን ማን ይለየዋል? ብልሃቱ የባለሙያ ነው። እጀታው ግን ከምድጃው ውጭ ቀረ፣ እሳቱ አልደረሰበትም። ባርናቤ፣ ከእሳቱ ንቅንቅ አላልኩም ያልከኝ አንተ ነህ። ታዲያ ከአንተ ሌላ ማን ከተተው?»

ባርናቤ ወደ በሩ አየ።

«ኤልዜያር ደግሞ ደጄን ረግጦ አያውቅም!» ብላ ዞኤ ጮኸች። «ወሬውን የፈጠረው ይሄ ነው!»

«ኖሪንን ቀድሜ የወደድኳት እኔ ነኝ!» አለ ባርናቤ። «ቢጣሉ ትተወዋለች ብዬ ነበር። አልተወችውም! ቀን ሰድባው ማታ አብራው ራት ትበላለች! እንዴት ልቻለው?»

ኖሪን ወደ ባርናቤ ዞረች።

«እሱ እያለቀሰ ሲምልልኝ አላመንኩትም» አለች። «አንተን አመንኩህ።»

ሴጉሬ ባርናቤን አስሮ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ነፃ ነሽ። ቤትሽ ግቢ።»

«ቤት ማን አለ?» አለችው።